ነፋስንና ሕንፃን ስለ መመርመር

ነፋስ በዓይን አይታይም፤ ሥራው ግን ይታያል። በጉራጌ አገር ወዳለው ክብ ቤት የሚገባ ሰው፥ ከመካከለኛው ምሰሶ ወደ ጣራው የተዘረጉትን ደጋፊ እንጨቶች ሲመለከት፥ አባቶቻችን የጣራን ሸክም ማከፋፈልን በልምድ ያውቁ እንደ ነበር ይረዳል። ነገር ግን ልምድ ብቻውን ለዛሬው ሥራ አይበቃም።

በአሜሪካ አገር በታኮማ የተሠራው ታላቅ ተንጠልጣይ ድልድይ በተከፈተ በ4 ወሩ፥ ጥቅምት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ያህል በሚነፍስ ነፋስ ተጣሞ ወደቀ። የጣለው የነፋሱ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ድልድዩ ሲወዛወዝ የነፋሱን አካሄድ ይለውጣል፥ የተለወጠውም ነፋስ ተመልሶ ውዝዋዜውን ያበረታዋልና ነው። ከድምፅ 5 እጥፍና ከዚያም በላይ ፈጥኖ በሚበር መሣሪያ ላይ ደግሞ የአየሩ ሙቀት ተጨምሮ ቀጭኑን ብረት ያላላዋል፤ አደጋውም ይብሳል።

ይህ ትምህርት ለእኛ ሩቅ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን በወልቂጤና በቡታጅራ የሣሩን ክዳን ቆርቆሮ ተክቶታል፤ ምስማሩ የላላውን ቆርቆሮ ነፋስ ከላይ ይስበዋል፥ ከታች ይገፋዋል፤ ከሥሩም ሕፃናት የሚማሩበትና ምእመናን የሚጸልዩበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህራን ይህን ምርመራ ከደጃችን ጣራ ይጀምሩት ዘንድ፥ የከተሞቹ ሹማምንት የሕንፃ ፈቃድ ሲሰጡ የጣራውን ማሰሪያ ይመረምሩ ዘንድ፥ የአድባራት አለቆችም ክረምት ሳይገባ ክዳኑን ያስጠብቁ ዘንድ ይገባል። የቤቱን ጣራ ጠባይ ያወቀ ተማሪ፥ በሰማይ የሚበረውን ለመማር መሠረት አለው።