ስለ ሥጋ ንግድና ስለ አዋሽ ዳር ግጦሽ

አባቶቻችን «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ያሉት ተረት ለዛሬው የሥጋ ንግዳችን የተነገረ ይመስለኛል። በሞጆና በቢሾፍቱ ሥጋ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ቄራዎች ተሠርተዋል። በዚያ የታረደው የበግና የፍየል ሥጋ በማቀዝቀዣ ቤት ቆይቶ በአውሮፕላን ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ቄራዎቹ ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ ይታያል፤ ስለ ምን ቢባል፣ የሚታረድ እንስሳ ጠፋ ይባላል። በከብት ብዛት ከአፍሪካ በፊተኛው ረድፍ በምትቆጠር አገር እንስሳ እንዴት ሊጠፋ ይችላል? ይህን መመርመር የገዦችና የሹማምንት፣ የባለ እርሻዎችም ሁሉ ፈንታ ነው።

የውጭው ገዢ የሚፈልገው የቆላውን ወጠጤና ጠቦት ነው። የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ይጠቁራልና አይወደድለትም። ስለዚህ የቄራው ሀብት ያለው በአፋር፣ በሶማሌና በቦረና እረኛ እጅ ነው። የአፋር ሰው ሴቲቱን ለወተት ያኖራል፤ ወንዱን ግን እህል ለመግዛት ሲቸገር ወደ ገበያ ያወርዳል። ዝናብ ሲዘንብ ከብቱን ይዞ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል። ያ የወንዝ ዳር ሣር በስፋቱ ጥቂት ቢሆንም የዓመቱ ኑሮ ሁሉ ቁልፍ ነው።

አዋሽ ከግንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዘመን በተንዳሆ ጥጥ፣ ቀጥሎም በመተሐራ ሸንኮራ ተተከለ። አገሪቱ ከዚህ ስኳርና ጥጥ አግኝታለች፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን የወንዙን ዳር በዝናብ ወራት ያየው ሰው ባለቤት የሌለው መሬት ይመስለዋል፤ ባለቤቶቹ ከከብታቸው ጋር ርቀው ሄደዋልና። በበጋ ሲመለሱ አጥርና ቦይ ቆያቸው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ መሸሻው ጠብቦ ስለ ነበረ፣ በአፋር ከብቱም ሰውም በብዛት አለቀ። ከዚያም ወዲህ አፋሮች ደርጊ ሐራ የሚሉት እሾኻም ዛፍ፣ ፕሮሶፒስ፣ የቀረውን ሣር እየሸፈነ ይሄዳል።

ጉዳቱ በእረኛው ብቻ አይቆምም። ግጦሽ ሲጠፋ ፍየሉ ይከሳል፤ ከሰመራ እስከ ሞጆ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ሲጓዝም ከክብደቱ ይጎድላል። ነጋዴው የመንገዱን ጉድለት አስቀድሞ ከእረኛው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ባለ እርሻውም ቢሆን ሰላም አያገኝም፤ የተጠማ ከብት ወደ ሰብሉ ይገባልና ጠብ ይነሣል። በቄራውም ቆዳ የሚገፍፈውና ሥጋ የሚጭነው የቀን ሠራተኛ፣ እንስሳ ባልመጣበት ቀን እንጀራ የለውም። እነዚህ ሦስቱ አንዱ ሌላውን ሳያውቀው በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው።

በዚህ ንግድ የቀደሙን አገሮችም የሚያስተምሩን አለ። በአሜሪካ የሥጋ ፋብሪካዎች ጉድ በመጽሐፍ ተገልጦ ሕዝብን ካስቆጣ በኋላ፣ በ1906 እ.ኤ.አ. የሥጋ ምርመራ ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን የበላተኛውን ጤና ጠበቀ እንጂ የሠራተኛውን ድካም አላቃለለም። ዛሬም በዚያ አገር ከሚታረደው የደለበ ከብት አብዛኛውን አራት ኩባንያዎች ስለ ያዙት፣ ባለ ከብቱ ዋጋ የሚከራከርበት ሌላ ደጅ አጥቶ ያማርራል። እኛ ገና በመጀመሪያው ላይ ሳለን ይህን ብናስብ ይሻላል።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው። አንደኛ፣ የወንዝ ዳር መሬት ለእርሻ ከመሰጠቱ በፊት ሹሙ ራሱ በበጋ ወርዶ ይየው፤ የጎሣ አባቶችንም ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ በእርሻዎች መካከል ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበት ሰፊ መንገድ በካርታ ተለይቶ ይከበር። ሦስተኛ፣ ባለ እርሻዎች የሸንኮራውን ጫፍና የጥጥ ፍሬውን ፋጉሎ በበጋ በመጠነኛ ዋጋ ለእረኛው ይሽጡለት። አራተኛ፣ በአዋሽና በሰመራ ገበያ ሚዛን ይቁም፤ የሞጆም ዋጋ በየሳምንቱ ይነገር። አፋሮች ዳጉ በሚሉት ወሬ የመለዋወጥ ልማዳቸው ዋጋውን ራሳቸው እስከ ሩቁ ሜዳ ያደርሱታል። አምስተኛ፣ ቄራ በግዛታችሁ ያለ ሹማምንት፣ የቀን ሠራተኛው በጽሑፍ ውል እንዲቀጠርና ሥራ በሌለበት ቀን ጥቂት እንኳ እንዲያገኝ አድርጉ።

እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ላይ የጨረስሁ ጸሐፊ ነኝ። በመዝገቦቻችን የመሬቱ ጉዳይ በአንድ ፋይል፣ የከብቱ በሁለተኛው፣ የቄራው በሦስተኛው ይቀመጣል። ሦስቱ ፋይሎች በተለያየ ቁም ሣጥን ስለ ተቆለፉ፣ መሬቱን የሰጠው ሹም ቄራውን ያስራበው እርሱ መሆኑን አያውቅም። የወንዝ ዳር መሬት ለመስጠት ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ሦስቱን ፋይሎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስመጡና አብራችሁ አንብቧቸው።