«ቤትሽ ተቀመጪ» ሲባል ሁሉም መባረር አይደለም

ዛሬ የማጫውታችሁ በቅርቡ ቤታችን ውስጥ ስለደረሰ ድንጋጤ ነው። ድንጋጤው ካለማወቅ የመጣ ስለነበር ሌላ ወላጅ እንደኛ በከንቱ እንዳይጨነቅ ብዬ ነው የማነሳው።

ለንደን የምትኖር ልጅ አለችን። አንድ ማክሰኞ ቀን የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ በቪዲዮ ደወለች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። ስናወራ ከኋላዋ እናቷ በቤት ልብስ ቡና ስትቀዳ አየሁ። «እማዬ ሥራ አልገባችም እንዴ?» ስላት፣ «አባባ፣ እማዬ እኮ ሥራ አትሄድም። ኮምፒዩተሯንም ወሰዱባት» አለችኝ።

ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። የያዘችውን ሰፌድ አስቀምጣ ተነሣች። በኛ አገር አንድ ሠራተኛ መታወቂያውንና ኮምፒዩተሩን አስረክቦ ቤቱ ሲቀመጥ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ታግዷል፣ ጥፋት አለበት ማለት ነው። ልጄ ስልኩን ተቀብላ «አባዬ አትደንግጡ፣ ሥራዬን በፈቃዴ ነው የለቀቅኩት። አሁን ጋርደን ሊቭ ላይ ነኝ» አለች። ቃሉ «የጓሮ ፈቃድ» እንደ ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ባሰባት። «ያን ሁሉ ተምራ ጓሮ ልትኮተኩት ነው?» ብላ ዕንባዋ መጣ።

በዚያን ቀን እኔም አላበረታኋትም። «ደብቀሽን ነው እንጂ የሆነ ነገርማ አለ» አልኳት። ዝም አለች። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግስቱ ራሷ ደውላ ቀስ ብላ አስረዳችን። የምትሠራው በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ነው። ሌላ ተፎካካሪ ድርጅት የተሻለ ቦታ ሰጥቷት መልቀቂያዋን አስገባች። እንግሊዝ አገር አንድ ወርና ከዚያ በላይ የሠራ ሰው ሥራ ሲለቅ በሕግ የሚጠበቅበት ማስጠንቀቂያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ነው። የሥራ ውሉ ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ ሊያስቀምጥ ይችላል። የሷ ውል ሦስት ወር ይላል። አሠሪዋ እነዚያን ሦስት ወራት ቢሮ እየመጣች የደንበኞቹን ዝርዝርና የሚቀጥለውን ዓመት ዋጋ እያየች እንድትቆይ አልፈለገም። ስለዚህ «ደመወዝሽን እንከፍላለን፣ ቤትሽ ሁኚ» አላት። ሦስት ወር ሲሞላ የምታውቀው ነገር ያረጃል ብለው ነው። ስሙም የመጣው፣ ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ጓሮውን ከመኮትኮት በቀር ሥራ የለውም ከሚል ቀልድ ነው።

እኔ ደግሞ ነገሩ ሲገባኝ ወዲያው ሌላ ምክር አመጣሁ። «ታዲያ ቁጭ ከምትዪ አዲሱን ሥራ ቀስ ብለሽ ብትጀምሪስ? ከሁለት ቦታ ደመወዝ ማን ይጠላል?» አልኳት። ሳቀችና፣ «አባዬ፣ አንተ የምትለውን ባደርግ ክስ ነው የሚጠብቀኝ» አለችኝ። ለካ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ወራት የሥራ ውሉ አልፈረሰም። ደመወዙና በውሉ ያሉት ጥቅሞች ይቀጥላሉ፤ የዓመት ፈቃድም መጠራቀሙን አያቆምም። በሌላ በኩል ግዴታውም ይቀጥላል። ለሌላ መሥሪያ ቤት መሥራት፣ ደንበኛ ማባበል፣ ምስጢር ማውጣት አይቻልም። አሠሪው ስለ ጀመረችው ሥራ ጥያቄ ካለው ደውሎ ሊጠይቃት ይችላል፤ እሷም መገኘት አለባት።

አሠሪውም ቢሆን እንደ ልቡ አይደለም። በ1998 በፈረንጆች አቆጣጠር ዊልያም ሂል የተባለው የታወቀ የውርርድ ድርጅት አንድ ሠራተኛውን በማስጠንቀቂያው ጊዜ ቤቱ ሊያስቀምጠው ፈልጎ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። ውሉ ውስጥ እንዲህ የሚል አንቀጽ አልነበረም፤ ሥራውም ልዩ ችሎታ የሚጠይቅና በመሥራት የሚጠበቅ ነበር። ፍርድ ቤቱ ለሠራተኛው ፈረደ። ከዚያ ወዲህ አሠሪዎች ይህን አንቀጽ ገና ሲቀጥሩ ውሉ ላይ ማስፈር ይመርጣሉ። ልጄም ፈርማበታለች። ስትፈርም ግን አላስተዋለችውም ነበር።

በመሐል የባለቤቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ቀኑ ደረሰ። «ሥራ ከሌለሽ ነይ እንጂ!» አልናት። ይህም እንዳሰብነው ቀላል አልነበረም። ቤት መቀመጥ ማለት ዕረፍት መውጣት ማለት አይደለም። አገር ለቃ ለመሄድ እንደ ወትሮው የዓመት ፈቃድ በጽሑፍ መጠየቅ ነበረባት። አሥር የሥራ ቀን ጠይቃ ፈቀዱላት። ሳትጠይቅ ብትመጣና በዚያው ቀን ቢፈልጓት፣ ውሉን ያፈረሰችው እሷ ትሆን ነበር።

ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን ስነግራቸው፣ «ውይ፣ የኔም ልጅ እኮ እንደዚሁ ተብሎ ነበር፤ እሱን ግን ጉድ ነው የሠሩት» አሉኝ። ልጃቸው እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት አራት ዓመት ሠርቷል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሲሰጥ አለቃው፣ «ከነገ ጀምሮ አትምጣ፣ ደመወዝህ ይገባልሃል» አለው። ልጁ ደስ ብሎት ቤቱ ከረመ። በወሩ መጨረሻ ክሊራንስ ሊጨርስ ሲሄድ «ሥራ ጥለህ ጠፍተሃል» ተብሎ ደመወዙ ተያዘበት።

ይህ ስላሳሰበኝ ጠበቃ የሆነ የድሮ ጓደኛዬን ጠየቅሁት። የኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «ጋርደን ሊቭ» የሚል ቃል አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ሠራተኛውን ባዶ እጁን አይተወውም። ጓደኛዬ የነገረኝ ይህን ነው።

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ሳይሰጥ ከሄደ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ድረስ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። በማስጠንቀቂያው ጊዜ የሁለቱም ወገን ግዴታ እንደጸና ይቆያል። ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በሱ ባልሆነ ምክንያት ሥራ ያልሠራ ሠራተኛ ደመወዙ ሊከፈለው ይገባል። ውሉ ሲቋረጥ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል፤ ክፍያውም በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ሠራተኛው በእጁ ያለውን ንብረት መመለስ ካዘገየ ግን ቀኑ ሊገፋ ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዝም ብሎ መክረም መብትን ያስቀራል። የመንግሥት ሠራተኞች ግን በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደሩት። የሥራ መሪ የሆኑትንም ይህ አዋጅ ስለማይመለከታቸው የፈረሙትን ውል አጥብቀው ማንበብ አለባቸው።

የጎረቤታችንን ልጅ ያወጣው ምን መሰላችሁ? አለቃው በሁለተኛው ቀን «ሰው ተክተናል፣ እንዳትመጣ» ብሎ የጻፈለት አጭር የስልክ መልእክት ነው። እሱን ሲያሳያቸው ከፈሉት። መልእክቱ ባይኖር ኖሮ አንድ ሰው አለ፣ ሌላው አላለም በሚል ክርክር ይከርም ነበር።

እንግዲህ ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ ሥራ ለቀው «ቤት ተቀመጡ» ተባልን ሲሏችሁ አራት ነገር ጠይቋቸው። በጽሑፍ ነው የተባልከው? እስከ መቼ? ደመወዝህ ይቀጥላል? ውልህ ላይስ ምን ይላል? በጽሑፍ ካልተሰጣቸው፣ ራሳቸው «በዚህ ቀን በነገራችሁኝ መሠረት ቤቴ ነኝ፣ በፈለጋችሁኝ ጊዜ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የሚል ደብዳቤ ጽፈው ቅጂውን ይያዙ። ያ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ አዲሱን ሥራ እንዳይጀምሩም ምከሯቸው፤ እንደኔ አትሳሳቱ።

ከሁሉ በፊት ግን ጠይቃችሁ ስሙ። እኔ ሳልጠይቅ ነው የጠረጠርኩት። ልጄ መጥታ የእናቷን ዓይን ጨርቁ ሲነሣ አጠገቧ ነበረች። ከመሄዷ በፊት ባለው ቅዳሜ ማታ «ያን ቀን ስለተናገርኩሽ ይቅር በይኝ» አልኳት። «አባዬ፣ እኔም መልቀቂያውን ከማስገባቴ በፊት ልነግራችሁ ይገባ ነበር» አለች።

አዲሱን ሥራዋን ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ውሉን ከመፈረሟ በፊት ስለ ማስጠንቀቂያ የሚናገረውን ገጽ በስልክ አንብባልኛለች። ግማሹ አልገባኝም፤ አንድ በአንድ ግን አስጠየቅኳት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።