የኤፍቲኤክስ ተዝካር

ተዝካር የሟችን በሬና እህል ጠርጎ ወራሹን ባዶ ጎተራ ላይ ያስቀረበት ጊዜ እንደነበር አያቶቻችን ያውቃሉ። ዛሬ ኩባንያ ሲሞት ድግሱን የሚበሉት ጠበቆችና የሂሳብ አማካሪዎች ናቸው።

ኤፍቲኤክስን እንውሰድ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሳም ባንክማን-ፍሪድ የክሪፕቶ መገበያያ ኖቬምበር 11 ቀን 2022 ደላዌር ውስጥ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ኩባንያውን ሊያጣራ የተሾመው ጆን ሬይ በሰዓት 1,300 ዶላር፣ የሰሊቫን ኤንድ ክሮምዌል ከፍተኛ ጠበቆች ደግሞ እስከ 2,165 ዶላር አስከፈሉ። የባለሙያው ሁሉ ሂሳብ ሲደመር በ2025 መጀመሪያ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ።

"ደንበኞቹስ ገንዘባቸውን አግኝተው የለ?" የሚለን አይጠፋም። አዎ፣ ለአብዛኞቹ ከጠየቁት 118 በመቶ ገደማ ተፈቀደላቸው። አጣሪዎቹ ቢሊዮኖች አስመልሰዋል፤ ይህን አንክድም። ችግሩ ጥያቄው የተሰፈረበት ቁና ነው። ሁሉም ነገር የተተመነው ኩባንያው በወደቀበት ቀን ዋጋ ነው። አንድ ቢትኮይን ያስቀመጠ ሰው 16,871 ዶላር ተብሎ ተመዘገበለት። ፍርድ ቤቱ የክፍያ ዕቅዱን ባጸደቀበት በኦክቶበር 2024 ያው ቢትኮይን ከ60,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። የደንበኛው ሰዓት ኖቬምበር 2022 ላይ ቆመ። የጠበቃው ሰዓት ግን ይቆጥር ነበር፤ ያውም በዶላር።

ሕጉም የሚያግዘው ጠበቃውን ነው። ክፍያው "የሂደቱ ወጪ" ስለሚባል ዋስትና ከሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ይቀድማል፤ አብዛኛውም ጉዳዩ ሳያልቅ በየጊዜው ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች እጅ የገባው ግን በፌብሩዋሪ 2025 ነው።

"ዳኛ ያጸድቀዋል" ይሉናል። ያጸድቃል። ከዳኛው መለኪያዎች አንዱ ግን እኩያ ባለሙያ ሌላ ቦታ ስንት ያስከፍላል የሚል ነው። እኩያው ማን ሆነና? ያው ሌላው ውድ ጠበቃ! ኤንሮን በዲሴምበር 2001 ሲወድቅ በሺዎች ለተባረሩት ሠራተኞች መጀመሪያ የተሰጣቸው 4,500 ዶላር ነበር። በጆን ሬይ ተመን ሦስት ሰዓት ተኩል አይሞላም።

የአሜሪካ ጣጣ ነው ብለን እንዳናልፈው፣ የእኛም የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. ሲታደስ ዕዳ የከበደው ድርጅት በፍርድ ቤት በኩል እንደገና የሚደራጅበትን በር ከፍቷል። በዚያ በር የባለሙያ ሂሳብም ይገባል። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ትንሹ ገንዘብ ጠያቂ ድርሻውን እስኪቀበል ድረስ የባለሙያዎቹ ክፍያ ግማሹ ይያዝ። ያን ጊዜ አንድ የኪሳራ ጉዳይ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እናያለን።