ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ከዘመድ ስለ መግዛት

ሰው ዕቃ ለመግዛት ባሰበ ጊዜ ሦስት ነገር አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። መዠመሪያ ዕቃው የሚያስፈልገው መኾኑን፤ ኹለተኛ በቤቱ ካለው ከሌላው ዕቃ ጋራ የሚስማማ መኾኑን፤ ሦስተኛም የሻጩ ቃልና የዕቃው ጠባይ አንድ መኾኑን ነው። ይህን ኹሉ ማንም ያውቀዋል። ዳሩ ግን ሻጩ ዘመድ የኾነ እንደ ኾነ፥ ሦስተኛውን መመርመር እንደ ነውር ስለሚቈጠር፥ ዐዋቂ የተባለው ሰው እንኳ ዐይኑን ጨፍኖ ይገዛል። በዚህ ሳምንት ከክቡራን አንባቢዎቻችን ጋራ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነገር ነው።

ዐሥራ ሰባት ዓመት የኾነው ልጄ ባለፈው ክረምት ወደ እኔ መጥቶ፥ «አባባ፥ ለኮምፒዩተሬ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ልገዛ ዐስቤአለሁና ፈቃድዎን እለምናለሁ» አለኝ። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ኹለት ዓመት ሙሉ ለጎረቤት ልጆች ሒሳብ እያስጠና ያጠራቀመው ነው። ካርዱን ሊሸጥለት የተነሣውም የባለቤቴ የወንድሟ ልጅ ነው። ይህ ወጣት ከታናሽነቱ ዠምሮ በቤታችን የኖረ ያህል ነው፤ እስከ ዛሬም እሑድ እሑድ ምሳውን ከኛ ጋራ ይበላል። የካርዱ ስም አር ቲ ኤክስ 3080 የሚባለው ነበር፤ የተጠየቀበትም ዋጋ ከገበያው ጥቂት ያነሰ ነበር።

እኔም በመዠመሪያው «ለጨዋታ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ምንድን ነው?» ብዬ ልከለክለው ነበር። ነገር ግን በልጅነታችን የገና ሰሞን በደረሰ ጊዜ ቈልማማ ዱላ ፍለጋ ጫካውን ኹሉ ስንዞር እንደምንውል ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። ትምህርቱን ሳይበድል በላቡ ያገኘውን ገንዘብ ቢጫወትበት ልጁን የሚያስነቅፈው የለም። እንግዲህ የቀረው ነገር፥ ገንዘቡ በከንቱ እንዳይጠፋ መምከር ብቻ ነው።

ግራፊክስ ካርድ ምን እንደ ኾነ ለማያውቁት ጥቂት ላስረዳ። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ዋናው ፕሮሰሰር እንደ አንድ ሊቅ ነው፤ የከበደውን ጥያቄ ተራ በተራ ይፈታል። ግራፊክስ ካርድ ግን እንደ ብዙ ተማሪዎች ጉባኤ ነው፤ እያንዳንዱ ቀላል ሒሳብ ይዞ ኹሉም ባንድ ጊዜ ይሠራሉ። በተለመደው ስክሪን ላይ የሚታየው ሥዕል ከኹለት ሚሊዮን በሚበልጡ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ ጨዋታውም የሚያምረው የነዚህ ነጥቦች ኹሉ ቀለም በአንድ ሴኮንድ ስድሳ ጊዜ ታስቦ ሲታደስ ነው። ለዚህ አንድ ሊቅ አይበቃም፤ ብዙ እጅ ያስፈልጋል። በ3080 ውስጥ እንዲህ ያሉ ሒሳብ ሠሪዎች 8,704 ናቸው፤ በታናሹ በ3060 ውስጥ ደግሞ 3,584 ናቸው። ኹለቱም ለገበያ የወጡት በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ታላቁ በመስከረም ታናሹ በየካቲት። ሲወጡም በአሜሪካ አገር የታላቁ ዋጋ 699 ዶላር፥ የታናሹ 329 ዶላር ተብሎ ታውጆ ነበር።

ስለዚህ ልጄን አስቀድሜ የጠየቅሁት ስለ ካርዱ ሳይኾን ስለ ኮምፒዩተሩ ነው። «የኮምፒዩተርህ ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት ይሰጣል?» ብለው፥ ሣጥኑን ከፍቶ አይቶ «550 ዋት ነው፥ አባባ» አለኝ። ታላቁ ካርድ ብቻውን እስከ 320 ዋት ስለሚፈልግ፥ ሠሪዎቹ 750 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር ያዛሉ። ታናሹ ግን 170 ዋት ስለ ኾነ 550 ይበቃዋል። ደግሞም የልጄ ስክሪን በሴኮንድ ከስድሳ ጊዜ በላይ ሥዕል አያሳይም፤ እንግዲያው ታላቁ ካርድ መቶ ሥዕል ቢሠራለት፥ አርባው ሳይታይ ይቀራል ማለት ነው። ለአንድ በቅሎ የሚኾን ጭነት ብቻ ያለው ሰው ኹለት በቅሎ መከራየት አያሻውም።

ልጄ ይህን ሰምቶ ጥቂት ዐዘነ፤ «ቢኾንም ከዘመድ የተገኘ ስለ ኾነ ይሻላል፤ ከማላውቀው ሰው ብገዛ ያታልለኛል» አለኝ። ይህም ቃሉ እውነትነት አለው። ያረጀውን ካርድ በውስጡ ያለውን የስም ጽሕፈት ለውጠው በአዲሱ ስም የሚሸጡ አታላዮች አሉና። ነገር ግን ዘመድም ቢኾን የገዛውን ዕቃ የቀድሞ ታሪክ ላያውቅ ይችላል።

ይህን ያልሁበት ምክንያት አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢቴሬም የሚባለውን የኮምፒዩተር ገንዘብ ለማግኘት፥ በዓለም ኹሉ ብዙ ሰዎች ግራፊክስ ካርድ እየደረደሩ ሌሊትና ቀን ያሠሩ ነበር። ይህ አሠራር መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢቴሬም ላይ ስለ ተለወጠ፥ ካርዶቹ ባንድ ጊዜ ሥራ ፈቱና በየገበያው ፈሰሱ። እንዲህ የደከመ ካርድ ኹሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ዋናው ቺፕ ብዙ ጊዜ ደኅና ኾኖ ይገኛል። የሚጐዱት ሌት ተቀን የሚዞሩት ማራገቢያዎች፥ ሙቀቱንም ከቺፑና ከሜሞሪው ወደ ብረቱ የሚያሳልፉት ቅባትና ለስላሳ ንጣፎች ናቸው። ንጣፉ የደረቀ እንደ ኾነ ሜሞሪው ይግላል፤ በ3080 ላይ ያለው ሜሞሪ ሙቀቱ 110 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ ካርዱ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል።

ስለዚህ «ካርዱ በፊታችን ይፈተን» ብዬ ቈረጥሁ። ባለቤቴ ይህን በሰማች ጊዜ እጅግ ተቈጣች። «የወንድሜን ልጅ እንደ ሌባ ልትመረምረው ነውን? በዚህ ማዕድ ያደገ ልጅ አይደለምን?» አለችኝ። ቃሏ ልቤን ነካው። ነገር ግን እኔ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ብዙ ዓመት ስኖር ያየሁትን ነገርኋት። በመዝገብ ላይ ከምጽፈው ክርክር የሚመርረው የባዕድ ክርክር አይደለም፤ የዘመዳሞች ክርክር ነው። ባዕድና ባዕድ ውል ጽፈው ምስክር ቈጥረው ይገበያያሉ፤ ቢካሰሱም ወረቀቱ ይፈርዳል። ዘመድና ዘመድ ግን «በኛ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ብለው ይለያዩና፥ በኋላ የሚቀርብ ማስረጃ ቢጠፋ አንዱ የሌላውን ስም ያጠፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም፥ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለ መኾኑ ኀላፊ እንደ ኾነ ይናገራል፤ ገዢም ዕቃውን ጊዜ ሳያሳልፍ እንዲመረምርና ጉድለት ያገኘ እንደ ኾነ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሕጉ መመርመርን የገዢ ተግባር አድርጎ ከቈጠረው፥ ምርመራው ለሻጩ ስድብ ሊኾን አይችልም።

በማግስቱ ወጣቱ ካርዱን ከራሱ ኮምፒዩተር ጋራ ይዞ መጣ። አስቀድሞ ጂ ፒ ዩ ዜድ በሚባለው ፕሮግራም የካርዱ ስም እውነተኛ መኾኑ ተረጋገጠ። ቀጥሎም ከባድ ጨዋታ ተከፍቶ አርባ ደቂቃ ያህል ሠራ። በስክሪኑ ላይ የተበተነ ነጥብ ወይም የተቈራረጠ መስመር አልታየም፤ የዋናውም ቺፕ ሙቀት መልካም ነበር። የሜሞሪው ሙቀት ግን ቀስ በቀስ ወጥቶ 110 ላይ ቆመ፤ ጨዋታውም መንተፋተፍ ዠመረ። ወጣቱ ፊቱ ተለዋወጠና፥ «ጋሼ፥ እኔም ከሌላ ሰው ነው የገዛሁት። ለኢቴሬም ሲሠራ እንደ ነበረ በኋላ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ብናገር አይገዛኝም ብዬ ዝም አልሁ» አለ። ጉድለቱ ከዕረፍት ማጣት የመጣ እንጂ ከሠሪው እጅ የመጣ አልነበረም።

ወዲያውም ዋጋውን ዝቅ አደረገ። ልጄ ግን ወረቀት አውጥቶ ሒሳቡን ጻፈ። የካርዱን ዋጋ፥ የአዲሱን ፓወር ሰፕላይ ዋጋ፥ ንጣፉን ለሚለውጠው ባለሙያ የሚከፈለውን ቢደምር፥ በገበያ ከሚገኘው ደኅና 3060 በልጦ ተገኘ። «ወንድሜ፥ አላስቀይምህም፤ ነገር ግን ዐቅሜ አይደለም» ብሎ በትሕትና መለሰለት። እኔ አንድ ቃል አልጨመርሁም፤ በልቤ ግን ደስ አለኝ።

የደስታውም ዋጋ ቀላል አልነበረም። ወጣቱ ሦስት እሑድ ከምሳችን ቀረ። ባለቤቴም በወንበሩ ባዶነት እኔን ስትወቅሰኝ ሰነበተች። በአራተኛው ሳምንት እኔው ራሴ ወደ ቤቱ ሄድሁ፤ ታላቅ ወደ ታናሽ ቢሄድ ክብሩ አይጐድልምና። «የመረመርሁት ዕቃውን ነው እንጂ አንተን አይደለም። ዝም ብለን ገዝተን በወሩ ቢበላሽ ኖሮ፥ ዛሬ ሦስት እሑድ ሳይኾን ዕድሜ ልክህን በቀረህ ነበር» አልሁት። እርሱም ራሱን ደፍቶ ቈይቶ፥ «እውነትዎን ነው ጋሼ፤ ያሳፈረኝ ምርመራው ሳይኾን ዝምታዬ ነው» አለኝ። ከዚያም ንጣፎቹን አስለውጦ፥ የካርዱን ታሪክ ሳይሸሽግ ተናግሮ፥ የሚበቃ ፓወር ሰፕላይ ላለው ለሌላ ሰው ሸጠው። በተከታዩ እሑድም በወንበሩ ተቀመጠ።

ልጄ ደግሞ ያገለገለ 3060 በፊቱ ፈትኖ ከአንድ ነጋዴ ገዛ፤ የካርዱን ቍጥርና ጉድለት ቢገኝ የሚመለስበትን ቀን የሚናገር ወረቀትም አስፈረመ። የዚህ ካርድ ሜሞሪ 12 ጊጋባይት ነው፤ ያ የቀረው ታላቁ ካርድ ግን 10 ብቻ ነበረው።

እንግዲህ ልጆቻቸው ይህን የመሰለ ዕቃ ለሚጠይቋቸው ወላጆች የምንመክረው ይህ ነው። አስቀድማችሁ የፓወር ሰፕላዩን ዋት፥ የሣጥኑን ስፋትና የስክሪኑን ዐቅም ጠይቁ። ካርዱ ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ በፊታችሁ ይሥራ፤ ሙቀቱ ይታይ፥ የማራገቢያው ድምፅ ይሰማ፥ ገመድ የሚሰካባቸውም ቀዳዳዎች ኹሉ ይሞከሩ። ሻጩ ለማስፈተን እንቢ ካለ፥ እንቢታው መልስ ነውና ተነሥታችሁ ሂዱ። ያገለገለው ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ እጅግ ያላነሰ እንደ ኾነ፥ ዋስትና ያለውን አዲሱን መግዛት ይሻላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው፥ ዛሬ ካልገዛችሁ ያመልጣችኋል የሚል ሻጭ አያስቸኵላችሁ።

ሻጩ ዘመድ የኾነ እንደ ኾነ ደግሞ ምርመራውን አታሳንሱ፤ ይልቁንም አብዙት። ካርድ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ በእሑድ ማዕድ ላይ ባዶ የቀረ ወንበር ግን በገበያ የሚተካ አይደለም።