የሐረሩ ቤታችንና የታኅሣሥ እንግዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆችና ምእመናን! ከመካከላችን በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ ወይም በባሕር ማዶ እየኖረ፣ በሐረር ከወላጆቹ የወረሰው ወይም ለዕረፍት ጊዜው ብሎ የሠራው ቤት ያለው አይጠፋም። ቤት ባዶውን ቢከርምም ወጪው አያርፍም፤ ዘበኛው ደመወዝ፣ ጣሪያው ጥገና ይሻል። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ በማይመጣባቸው ወራት ያከራየዋል። ይህ ለክርስቲያን ይገባልን? ግብሩ እስከተከፈለ ድረስ ይገባል፤ በዚህ ብዙ አልከራከርም። የሚያሳስበኝ የታኅሣሥ ወር ነው።

ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ምእመናን ከየአቅጣጫው ወደ ቁልቢ ይጎርፋሉ። ቁልቢ ትንሽ ከተማ ስለሆነች ያን ሁሉ ሕዝብ ማሳደር አትችልም፤ ድሬዳዋና ሐረር በእንግዳ ይሞላሉ፤ የአልጋ ዋጋም ይንራል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ባለቤት ዓመቱን ሙሉ የከፈለውን ተከራይ «ዘመዶቼ ለበዓል ይመጣሉ» ብሎ ያስለቅቃል፤ ከዚያም ቤቱን ለተሳላሚ በእጥፍ ያከራያል። ስለት ለማድረስ ከሚጓዝ ሰው የሚሰበሰብ ገንዘብ በሐሰት ቃል ሲጀመር ምን ዓይነት በዓል ነው የምናከብረው?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። እኔ ግን ከአዋጁም በፊት ኅሊና ይበቃል እላለሁ። ቤታችሁን ለአጭር ጊዜ እንግዳ ብቻ ማከራየት ከፈለጋችሁ ከመነሻው ፈቃድ አውጥታችሁ የእንግዳ ማረፊያ አድርጉት። ቤተሰብ ካስገባችሁበት ደግሞ ያ ቤት የእነርሱ መኖሪያ ነው፤ ለራሳችሁ ማረፊያ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አስቀርታችሁ ዋናውን ቤት በሰላም ይኑሩበት።

በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጁገል ውስጥ አንዳንድ የሐረሪ ቤተሰቦች ባህላዊ ቤታቸውን ሳይለቁ ለጎብኚ ክፍል ያከራያሉ። እንግዳው ነደባው ላይ ከባለቤቶቹ ጋር ይቀመጣል። ኪራይም ይከፈላል፤ ማንም ግን ከቤቱ አይወጣም። ከጎረቤቶቻችን ይህን መማር አያሳፍርም። (ውኃ በምትቸገረው ሐረር እንግዳ ከመቀበላችሁ በፊት ሮቶውን መሙላት እንዳትረሱ፤ የእናንተ እንግዳ የሚታጠብበት ውኃ የጎረቤት ድርሻ መሆን የለበትም።)

የሱነሟን ሴት አስቡ። ከባሏ ጋር ተማክራ በሰገነቷ ላይ ትንሽ ክፍል ሠራች፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ አኖረችበት፤ ነቢዩ ኤልሳዕ በዚያ ሲያልፍ የሚያርፍበት ነበር። ምን ይደረግልሽ ተብላ ስትጠየቅም ምንም አልፈለገችም (2ኛ ነገ. 4፥8-13)። ሁላችንም ክፍሎቻችንን ሁሉ በነፃ እንስጥ አልልም፤ ቤቱ ራሱን መቻል አለበት። ዳሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ስናከራይ ከርመን፣ ከክፍሎቹ አንዷን ለ3 ሌሊት፣ ታኅሣሥ 17፣ 18 እና 19፣ የአልጋ ዋጋ ለማይችል ተሳላሚ ብንተዋት ምን ይጎድልብናል? ከሩቅ አገር ሕፃን አዝላ የመጣች እናት በዚያ ብርድ በረንዳ ላይ ከምታድር፣ የሰበካ ጉባኤውን ጠይቀን ወደ ቤታችን እናስገባት። ከቁልቢ በዓል 10 ቀን በኋላ በእንግዳ ማደሪያ ስፍራ ያጣችውን እናት እናስባለንና (ሉቃ. 2፥7)።

የዘንድሮው ታኅሣሥ ሳይደርስ ከተከራያችሁ ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።