የቀረውን ሠራተኛ ማን ይፈልገው?

አንድ ወጣት በተቀጠረ በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ቢቀር አሠሪው ምን ይላል? «ይህ ሰነፍ ነው» ብሎ ስሙን ከመዝገብ ይሰርዛል። እናንተም በአሠሪው ወንበር ብትቀመጡ እንዲሁ ትፈርዱ ይሆናል። ፍርዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ግን በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ አርነም ላንድ በተባለው ምድር የሚኖረውን የዮልንጉን ሕዝብ ጉዳይ እንድትመረምሩ እጠይቃችኋለሁ።

ዮልንጉዎች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው አስቀድሞ አውስትራሊያን ይዘው ከኖሩት ነባር ሕዝቦች መካከል ናቸው። በ1963 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መንግሥት ከርስታቸው ላይ ቆርሶ አልሙኒየም ለሚወጣበት ለቦክሳይት ማዕድን ቢመድበው፣ አቤቱታቸውን በሥዕል በተጌጠ የዛፍ ልጥ ላይ ለጥፈው ለፓርላማ ላኩ። በ1971 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ተሟግተው ተረቱ። የመሬት ባለቤትነት መብታቸው በሕግ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አባቶች የተሟገቱለትን አፈር ከሩቅ የመጣ ሰው ሲቆፍረው፣ ብዙው የአገሩ ልጅ ከዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ።

ከዮልንጉ ጎሣዎች አንዱ የሆነው የጉማች ጎሣ በ2017 ዓ.ም. ጉልኩላ የተባለ የራሱን የቦክሳይት ማዕድን ከፈተ። ወጣቶች የሚሠለጥኑበት ማእከልም አለው፤ እንጨት ይሰነጥቃል፤ ከብትም ያረባል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በእንዲህ ያለው ድርጅት ውስጥ ከወጣቱ ጎን የሚቆመው ሰው እንጂ ማሽኑ አይደለም።

በዮልንጉ ዘንድ ሰው ሲሞት የቀብሩ ሥርዓት ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይወስዳል። የሟች ወገን የሆነ ወጣት በሥርዓቱ ላይ በዝምድናው መሠረት የሚጠበቅበት ድርሻ ስላለ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ሊቀር አይቻለውም። ከዚህም ሌላ አንድ ወንድ ከሚስቱ እናት ጋር ፊት ለፊት መነጋገሩ ነውር ነው። (በአገራችንም ያገባች የከምባታ ሴት በቀድሞው ባህል የባሏን ወላጆች ስም ላለማንሣት ሌላ ቃል ትፈልግ እንደነበር ልብ ይሏል።) ይህን የማያውቅ አለቃ ወጣቱን ሊያናግራት ከማይገባው ሴት ጋር ይመድበዋል፤ ልጁም ምክንያቱን ሳይገልጽ በማግሥቱ ይቀራል። የወገኑ ሰው የሆነ አለቃ ግን ምድቡን አስቀድሞ ያስተካክላል፤ ቀብሩ መቼ እንደሚያበቃም ስለሚያውቅ እስከዚያው ተተኪ ያዘጋጃል። ሥርዓቱ ካለፈ በኋላስ? ማልዶ ከልጁ ደጃፍ ቆሞ «ተነሣ! ሐዘኑ እኮ ትናንት አብቅቷል» ይለዋል። ባዕዱ አለቃ ያለው ምርጫ ይቅር ማለት ወይም ማባረር ነው፤ አጎቱ ግን ሊገሥጸው ሥልጣን አለው።

ሌላም አለ። ርቆ ባለ መንደር የሚኖር ብዙ ወጣት መንጃ ፈቃድ የለውም። ፈቃዱን ለማውጣት ማንነቱን የሚያስረዳ ወረቀት፣ የሚለማመድበት መኪና፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ባለፈቃድ ሰው ያሻል። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ደግሞ ለዮልንጉ ልጅ የአፍ መፍቻው አይደለም። ከቢሮ ቢሮ አብሮት የሚመላለስ ከሌለ፣ የመቆፈሪያ መኪና ማንቀሳቀስን ቢማር እንኳ ወደ ሥራው ቦታ የሚደርስበት መንገድ የለውም።

«ዘመድ ለዘመድ ያደላል» የሚል ተቃዋሚ ይኖራል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። የጋራ ገንዘብ በጥቂት ዘመዳሞች እጅ ሲገባ ምን እንደሚደርስበት እኛም አሳምረን እናውቃለን፤ ስለዚህ ሒሳቡን የውጭ ሰው ይመርምረው። ይሁን እንጂ አድልዎን ፈርቶ ዝምድናን ፈጽሞ ከሥራ ቦታ ማስወጣት፣ ልጁን በማለዳ የሚቀሰቅሰውን ሰው አብሮ ማስወጣት ነው።

የአውስትራሊያ መንግሥት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከግዥው የተወሰነው ድርሻ ነባር ተወላጆች ከያዟቸው ድርጅቶች እንዲፈጸም ደንግጓል። ደንቡ በጎ ነው። ነገር ግን የተወላጅ ስም በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ትርፉን ሌላው የሚወስድበት ድርጅትም አልጠፋም። ስለዚህ ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቁ ብቻ አይበቃም። ባለፈው ዓመት ስንት ወጣት ተቀበላችሁ? ከዓመት በኋላ ስንቱ ቆየ? ሲቀርስ ማን ሄዶ ፈለገው? ለዚያስ ሰው ተከፈለው? በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ወጣትን መምከርና መፈለግ የዘመድ ግዴታ ነው እየተባለ ደመወዝ ሳይቆረጥለት ሊታለፍ ይችላልና። እኔ በውሉ ላይ እንደ ነዳጅና እንደ ጎማ ዋጋው ተተምኖ ይጻፍ እላለሁ።

ጊዜውም ጠባብ ነው። በዚያው ምድር የነበረው የቦክሳይት ማጣሪያ ፋብሪካ በ2014 ዓ.ም. ሥራውን አቁሟል፤ ሲያቀርብለት የነበረው ትልቁ ማዕድንም ማለቂያው እየተቃረበ ነው። ያን ጊዜ ከደቡብ የመጡት ሠራተኞች ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደየከተማቸው ይመለሳሉ፤ የዮልንጉ ወጣት ግን በአያቶቹ ምድር ላይ ይቀራል።