ሳቁ በፊልም ቀረ፣ ትዳሩስ?

እንደ ልማዳችን ዛሬም ባልና ሚስት ቤታቸው ቁጭ ብለው ሊያዩዋቸው የሚችሉ የዲቪዲ ሥራዎችን ይዘን ቀርበናል። ሦስት ናቸው፤ አንዱ የቆየ የቴሌቪዥን ኮሜዲ፣ ሁለቱ ዘጋቢ ፊልሞች። ላይ ላዩን ሲታዩ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። አንዱ በኒው ዮርክ አፓርታማ ውስጥ ያስቃል፣ ሁለተኛው በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ያስደንቃል፣ ሦስተኛው ከኢትዮጵያ ገጠር ተነስቶ አዲስ አበባ ይደርስና ያስለቅሳል። እኔና ባለቤቴ ግን በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች ማታ ካየናቸው በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም። ችግር ሲመጣ አብሮ የሚቆየው ማን ነው? (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አይ ላቭ ሉሲ

ይህ ኮሜዲ ከ1951 እስከ 1957 በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የቀረበ ሲሆን 180 የግማሽ ሰዓት ክፍሎች አሉት። ሙሉው በአንድ ሳጥን ተሰብስቦ በዲቪዲ የወጣው በ2007 ነው። ሉሲል ቦል የቤት እመቤቷን ሉሲን፣ ዴሲ አርናዝ ደግሞ ከኩባ የመጣውን የባንድ መሪ ባሏን ሪኪን ሆነው ይጫወታሉ። ሉሲ ባሏ በሚሠራበት የምሽት ክበብ መድረክ ላይ ለመውጣት የማትፈነቅለው ድንጋይ የለም፤ ሪኪ ደግሞ "ቤትሽን ያዢ" ባይ ነው። ጠቡም ሳቁም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለጀማሪ የምንመክረው በ1952 የቀረበውን የሥራ ልውውጥ ክፍል ነው። ባሎቹ ገንዘብ ማግኘት ይከብዳል፣ ሚስቶቹ ቤት መያዝ ይከብዳል ብለው ይከራከሩና ሥራ ይቀያየራሉ። ሉሲና ጎረቤቷ ኤተል ቸኮሌት ፋብሪካ ይቀጠራሉ። ቸኮሌቱን የሚያመጣው ማሽን ሲፈጥንባቸው ጠቅልለው መጨረስ ያቅታቸውና አፋቸው ውስጥ፣ ልብሳቸው ውስጥ፣ ኮፍያቸው ውስጥ ይከቱት ጀመር። ቤት የቀሩት ባሎች በበኩላቸው የጣዱት ሩዝ ገንፍሎ ማድ ቤቱን ያጥለቀልቅባቸዋል። በመጨረሻ ባሎቹ ተሸንፈው ለሚስቶቻቸው ስጦታ ይዘው ይመጣሉ። ስጦታው ምን ይመስላችኋል? ቸኮሌት!

ባለቤቴ እዚህ ላይ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የሳቀችው ግን በሪኪ ብቻ አልነበረም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት እሷ ታማ ተኝታ ሳለ እኔ የሠራሁትን ሽሮ አስታውሳ ነው። ያ ሽሮ በእንጀራ ሳይሆን በቢላ የሚበላ ነበር።

ሌላው የሚደንቀው የምስሉ ጥራት ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዝግጅት ከኒው ዮርክ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ለሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚደርሰው ከቴሌቪዥን መስኮት ላይ በካሜራ የተቀዳ ደብዛዛ ቅጂ ነው። ሉሲልና ዴሲ ግን ከሆሊውድ ለቀው መሄድ አልፈለጉም። ስለዚህ ተመልካች ፊት እየተጫወቱ በሦስት ካሜራ፣ በ35 ሚሊ ሜትር የሲኒማ ፊልም መቅረጽ ጀመሩ። ወጪው ስለሚበዛ ከደመወዛቸው ቀነሱ፤ በምትኩ የፊልሙ ባለቤትነት የእነርሱ ሆነ። ዛሬ ከሰባ ዓመት በኋላ ትናንት የተቀረጸ ይመስል የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ግን ለምን ይህን ሁሉ ደከሙ? ነገሩ የባልና ሚስት ነገር ነው። በመድረክ ብቻ ሳይሆን በእውነትም ባልና ሚስት ነበሩ፤ የተጋቡት በ1940 ነው። እርሱ ከባንዱ ጋር ከከተማ ከተማ ይዞራል፣ እርሷ ሆሊውድ ፊልም ትሠራለች። በ1944 ፍቺ ጠይቃ ታርቀዋል። በሬዲዮ ትጫወተው የነበረውን ኮሜዲ ወደ ቴሌቪዥን እንድታመጣ ስትጠየቅ "ባሌ ሆኖ የሚጫወተው ባሌ ይሁን" ብላ ጸናች። ጣቢያው የኩባ ሰው የአሜሪካዊት ባል ሆኖ ሲታይ ተመልካች ይቀበለዋል ወይ ብሎ ሰጋ። እነርሱም በ1950 በየከተማው አብረው እየተጫወቱ ሕዝቡ እንደሚወዳቸው አሳዩ። ሉሲል ዝግጅቱን የፈለገችው ለዝና ብቻ አልነበረም። ባሏ ማታ ማታ ቤቱ እንዲገባ ነበር።

ሁለተኛ ልጃቸው የተወለደው ጥር 19 ቀን 1953 ነው፤ በኮሜዲውም ውስጥ ሉሲ የወለደችበት ክፍል የታየው በዚያው ምሽት ነበር። 44 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየው ይነገራል። ያኔ "እርጉዝ" የሚለው ቃል ለቴሌቪዥን ነውር ተብሎ ስለነበር አልተነገረም፤ ጽሑፉንም አንድ ካቶሊክ ቄስ፣ አንድ ፕሮቴስታንት አገልጋይና አንድ የአይሁድ ረቢ አንብበው እንዲያልፍ ተደርጓል። ይህን ያህል የተጠነቀቁለት ቤተሰብ መጨረሻው ግን አላማረም። ሉሲል የፍቺ ማመልከቻዋን ያስገባችው በ1960፣ የሁለቱ የመጨረሻ የጋራ ክፍል ተቀርጾ ባለቀ ማግስት ነው። በዚያ ክፍል መጨረሻ ላይ ይሳሳማሉ። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ያንን ትዕይንት ሲያይ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል።

ለወላጆች ማሳሰቢያ አለን። የዝግጅቱ የመጀመሪያ ስፖንሰር ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው የሲጋራ ኩባንያ ስለነበር ሲጋራ ይበዛል። በአንዳንድ ክፍሎችም ሪኪ ሚስቱን እንደ ልጅ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ይመታታል፤ ተመልካቹም ይስቃል። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ፊልሙን አቁሙና "ይህ ልክ አይደለም" በሏቸው። ወንዶች ልጆች በተለይ ይህን ከአባታቸው አፍ ቢሰሙ መልካም ነው።

ማርች ኦፍ ዘ ፔንግዊንስ

ይህ በፈረንሳዊው ሉክ ዣኬ የተዘጋጀ ዘጋቢ ፊልም በ2005 ወጥቶ በ2006 ኦስካር አግኝቷል። የእንግሊዝኛውን ቅጂ የሚተርከው ሞርጋን ፍሪማን ነው። ንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን የሚባሉት ወፎች ከባሕሩ ወጥተው በበረዶ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይጓዙና ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። እናቲቱ አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች። እንቁላሉን ወደ አባትየው እግር ታሳልፍና ምግብ ፍለጋ ወደ ባሕር ትመለሳለች። በሚቀባበሉበት ቅጽበት እንቁላሉ በረዶው ላይ ጥቂት ከቆየ ጫጩቱ ይሞታል። አባትየው ሁለት ወር ያህል በጨለማና በብርድ፣ አንዳች ሳይቀምስ፣ እንቁላሉን እግሩ ላይ አድርጎ በሆዱ ቆዳ ሸፍኖ ይቆማል። አባቶቹ ተጠጋግተው፣ በየተራ መካከል እየገቡ ይሞቃቃሉ።

ከልጆች ጋር ለማየት የተመቸ ነው። የጫጩት ሞትና የባሕር አውሬ አደን ስላለበት ግን ታናናሾቹን አጠገባችሁ አድርጓቸው።

ፊልሙ በወጣ ጊዜ በአሜሪካ ብዙ ክርስቲያኖች "የትዳር ታማኝነት ትምህርት ነው" ብለው አወድሰውት ነበር። እኔም በግማሹ ላይ ወደ ባለቤቴ ዞሬ "አየሽ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው!" አልኳት። "ዝም ብለህ ጨርስ" አለችኝ። ልክ ነበረች። ፊልሙ ራሱ እንደሚናገረው ጥንዶቹ አብረው የሚቆዩት ለአንድ የመራቢያ ወቅት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት አብዛኞቹ ሌላ ጓደኛ ይይዛሉ። ስለዚህ የፈጣሪን ሥራ እናድንቅበት እንጂ የጋብቻ ስብከት አናድርገው። ፔንግዊን በምስክር ፊት ቃል አልገባም። ቃል የገባነው እኛ ነን።

ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል

ሦስተኛው በ2007 የወጣ፣ በሜሪ ኦሊቭ ስሚዝ የተዘጋጀ፣ 85 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም ነው። ከሚናገሩት ብዙው በእኛው አማርኛ ነው። የፊስቱላ ሕመም ያለባቸውን አምስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይከተላል።

ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲራዘምና ሐኪም በአቅራቢያ ሳይኖር ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት ማለፊያ አጥቶ የእናቲቱን ገላ ለረጅም ሰዓት ሲጫን ደም አይደርሰውም፤ ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ይሞታል። እናቲቱ ደግሞ ሽንቷን መቆጣጠር ይሳናታል። ከዚያ ባል ይሄዳል፣ ጎረቤት ይርቃል። በፊልሙ ውስጥ ካሉት አንዷ በእናቷ ቤት ጥግ በተቀለሰች ጎጆ ብቻዋን ትኖራለች። ሕክምና መኖሩን የሰማችው ድና ከተመለሰች ሌላ ሴት ነው። ለሰዓታት በእግሯ ተጉዛ መንገድ ትደርሳለች፤ ከዚያ በአውቶቡስ አዲስ አበባ። ሆስፒታሉ ስትገባ እንደ እርሷ ያሉ ብዙ ሴቶች ታያለች። ብቻዋን እንዳልሆነች ስታውቅ ፊቷ ላይ የሚታየውን እኔ በቃል ልገልጸው አልችልም።

ፊልሙ አያባብልም። አብዛኞቹ ሲድኑ ቀዶ ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ያልያዘላት ወጣትም አለች፤ ካሜራው ከእርሷም አልሸሸም።

ሆስፒታሉን የመሠረቱት ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ናቸው። ወደ አዲስ አበባ የመጡት በ1959፣ አዋላጆችን ለማሠልጠን፣ በሦስት ዓመት ውል ነበር። የፊስቱላ ሕሙማንን ሲያዩ ጥለው መሄድ አቃታቸው፤ በ1974 ሆስፒታሉን አቋቋሙ። ባልየው በ1993 አረፉ። ሚስትየው ግን ሥራውን ቀጥለው በ2020፣ በ96 ዓመታቸው፣ እዚያው አዲስ አበባ አረፉ። ለሦስት ዓመት መጥተው ዕድሜ ልካቸውን ቀሩ።

ይህን ፊልም ልጆች ከተኙ በኋላ እዩት። እኛም እንደዚያ አደረግን። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ፤ ባለቤቴ ግን ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ ምጡ ሁለት ሌሊት ፈጅቶ ነበር። ከተማ ስለነበርን በቀዶ ሕክምና ተገላገለች፤ እኛም አመስግነን ረሳነው። ረሳሁት ልበል እንጂ እሷ አልረሳችውም።

"ገጠር ብንሆን ኖሮ እኔም እንደነሱ ነበርኩ" አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ። "ትቆይ ነበር?"

"እንዴታ!" አልኳት።

"ፈጥነህ መለስክ" አለችኝ።

ዝም አልኩ። ሽሮ መሥራት ሲያቅተኝ ለእህቷ ደውዬ "ቶሎ ነይልኝ" ያልኩ ሰው መሆኔ ትዝ አለኝ። ሦስት ቀን መታመሟ ነበር ያሰለቸኝ። ያን ማታ ይህንኑ ነገርኳት። እሷም ያኔ ሰምታኝ እንደነበረ ነገረችኝ። ስልኩን ያነጋገርኩት በር ዘግቼ ነበር፤ በሩ ግን ድምፅ አይይዝም። ስንት ዓመት ይዛው ኖራለች! እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋገርን።

እንግዲህ የተወደዳችሁ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሉሲን፣ በሁለተኛው ፔንግዊኖቹን ከነልጆቻችሁ፣ በሦስተኛው የሴቶቹን ጉዞ ሁለታችሁ ብቻ እዩ። የዲቪዲ ማጫወቻችሁ ተበላሽቶ ከሆነ ካለው ጎረቤት ተዋሱ፤ አብራችሁም እዩት። ሲያልቅ ወዲያው ወደ መኝታ አትሂዱ። እኔን የተጠየቅሁትን እናንተም ተጠያየቁ፤ መልሱን ግን አታፋጥኑት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።